ማሳሰቢያ፦ የላቦራቶሪ ወረቀት አይታችሁ ክኒን ለምትቀንሱ

ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የእንቅርት ክኒን የሚወስድ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱን ተቀብሎ ሐኪሙ ክፍል እስኪገባ አይታገሥም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያነበዋል። ማንበቡ ባልከፋ። ክፋቱ «ቲ ኤስ ኤች» ከሚለው ጎን ወደ ላይ ያመለከተ ቀስት ሲያይ «ሆርሞኔ በዝቷል» ብሎ ክኒኑን መቀነሱ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቲ ኤስ ኤች የሚመነጨው ከአንገት ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለች፣ አተር ከምታህል ፒቱታሪ የምትባል እጢ ነው፤ ሥራውም አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢ መቀስቀስ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ቀስቃሹ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ይወጣል፤ ሆርሞን ሲተርፍ ዝም ይላል፣ ቁጥሩ ይወርዳል።

አክስቴ ይህን የሚነግራት አጥታ ሌቮታይሮክሲኗን በቢላ ለሁለት እየከፈለች ስትውጥ ከረመች። በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ደርባ፣ የዐይኗ ዙሪያ አብጦ፣ ድምጿ ጎርንኖ አገኘናት። «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች።

ክኒኑን ሳያጓድሉ እየወሰዱም ቁጥሩ አልስተካከል የሚላቸው አሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቡናን ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቁርሱም ቡናውም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ጀበናው ተጥዶ፣ እጣኑ ጨሶ ይህን ያህል መታገሥ እንደማይቀል አውቃለሁ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ። በጾም ወራት የመዋጫው ሰዓት የሚዛባባችሁ፣ ክኒኑን ከመተው ይልቅ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ለመኝታ ሲቃረብ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

መጠኑ በተቀየረ በሳምንቱ መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ተረጋግቶ ቲ ኤስ ኤች እውነቱን የሚናገረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ባዮቲን ካለበት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላልና ደም ከመስጠታችሁ ቀናት ቀደም ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ክኒኑን የምትወስድ እርጉዝ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት አትጠብቅም። የወር አበባዋ እንደቀረ ትሂድ። የሚያስፈልጋት መጠን ብዙ ጊዜ በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና። እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ መመርመር አለባት።

እጢያቸው ከልክ በላይ እየሠራ ፒ ቲ ዩ ወይም ካርቢማዞል ለሚወስዱ ለብቻው የምለው አለ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ድንገት ከያዛችሁ «ቶንሲል ነው» ብላችሁ ፋርማሲ ገብታችሁ አሞክሳሲሊን እንዳትገዙ። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን አመናምነው ሰውነትን ያለ መከላከያ ያስቀራሉ። ቀጣዩን ክኒን ሳትውጡ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂዱ፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ለድንገተኛ ክፍሉ አሳዩና ነጭ የደም ሴላችሁ እንዲቆጠር ጠይቁ።