በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ ፊደላትና ስለ ልጆቻችን ስም

በልደታ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ማልዶ የሚደርስ ሰው፣ ባለጉዳዮች ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ከበው ቆመው ያያል። ባለጉዳዩ ይናገራል፤ ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል። ነገር ግን ጆሮ የማይለየው፣ ዐይን ብቻ የሚለየው ፊደል አለ። ለተከበሩ አንባብያን ዛሬ ልናስታውስ የወደድነው ይህንኑ ነው።

በልጅነታችን የኔታ ፊደል ሲያስቈጥሩን፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ እያንዳንዱን በስሙ ያስጠሩን ነበር። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ ንጉሥ የሚለው ቃል በየትኛው ሠ እንደሚጻፍ የፊደሉ ስም ይነግረናልና።

ከዚያም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን እንግሊዝኛ ስንማር፣ «ራይት» የሚለው አንድ ድምፅ ለብዙ ቃላት ሲያገለግል አገኘነው። በአንድ አጻጻፍ ትክክል፣ ቀኝ፣ ደግሞም መብት ማለት ነው፤ በሁለተኛው መጻፍ ማለት ነው፤ በሦስተኛው የሃይማኖት ሥርዓት ማለት ነው። ማወቅ የሚለው ቃላቸውም ሲነገር እንቢታን ከሚያመለክተው «ኖ» አይለይም፤ ሲጻፍ ግን ኬ የሚባለው ፊደል በፊቱ ይቆማል፤ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። ይህን ፊደል የዘነጋ ተማሪ በቀይ ቀለም ይሰረዝበት ነበር። እኛም ቅጣቱን ፈርተን የባዕዱን ቋንቋ ፊደል አንድ ሳናጐድል አጠናን። የገዛ ቋንቋችንን ፊደል ግን ብዕራችን እንደ ቀናው መጻፍ ልማድ ሆነብን።

ለምሳሌ ያህል ጥቂት ቃላት እናመልክት። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ግን ለመነ ነው። መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ስለ ሆነ ትምህርትና መምህር ከእርሱ ይወጣሉ፤ መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ስለ ሆነ ምሕረት ከእርሱ ይወጣል። ኀለየ ማሰብ ነው፤ ኅሊና የተባለው ከዚህ ነው። ሐለየ በዜማ ማመስገን ነው፤ ማሕሌት የተባለው ከዚያ ነው። ለወዳጁ ድኅነትን ሲመኝ ብዙኃኑን ኀ ትቶ በሃሌታው የጻፈ ሰውም፣ መዳንን የተመኘ መስሎት ማጣትን ልኮለታል።

እነዚህ ፊደላት ያለ ምክንያት አልተደራረቡም። በጥንቱ ግዕዝ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ ነበረው። በትግርኛ ሐመሩ ሐና ዐይኑ ዐ እስከ ዛሬ በጉሮሮ ተለይተው ይሰማሉ፤ በአማርኛ ግን ድምፁ ሲጠፋ መልኩ ቀረ። ስለዚህ ትርፎቹ ይቀነሱ የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል፤ ይጠበቁ የሚሉም አሉ። በተራ ጽሑፍ ውስጥ ፊደል ቢሳሳት የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ አንባቢውን ይመራዋል። ስም ግን ብቻውን የሚቆም ስለ ሆነ፣ የሚመሰክርለት ዐረፍተ ነገር የለውም።

ይህን በራሳችን ስሕተት ተማርነው። ገና ለጸሐፊነት ሥራ እንግዳ ሳለን የአንዲት አሮጊት እናት የውርስ ጽሑፍ እንድንገለብጥ ታዘዝን። የክርስትና ስማቸው መነሻ «አመተ» የሚል ሲሆን፣ በአልፋው አ ሲጻፍ አገልጋይ ማለት ነው። እኛ ግን ቸኩለን በዐይኑ ዐ «ዓመተ» ብለን ጻፍነው፤ አገልጋይ የነበረችው የዘመን መቍጠሪያ ሆነች። ተከራካሪው ወገን የቀድሞውን የጋብቻ ወረቀት አቅርቦ፣ «ይህች ሌላ ሴት ናት» ሲል ተቃወመ። ቀጠሮው ተራዘመ፤ እኒያ እናትም እርሳቸው እርሳቸው መሆናቸውን የሚያስረዱ ጎረቤቶች ፍለጋ ወጡ። በደጅ ሲያገኙን፣ የጻፍነው እኛ መሆናችንን ሳያውቁ፣ «ልጄ፣ ስሜን ቄሱ ሰጡኝ፤ ጸሐፊው ወሰደብኝ» አሉን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍችና ሞት በመዝገብ እንዲጻፉ ታዝዟል። በመዝገብ የገባ ስም ልጁን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ከዚያም ወራሾቹን ይከተላል። በስልክና በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰውም ለእጁ የቀረበውን ፊደል መምረጡ የታወቀ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሦስት ነገር እንዲጠነቀቁ እንመክራለን።

መጀመሪያ፣ ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የልጁን ስም ከነትርጕሙ በወረቀት ይጻፉ። የተጠራጠሩም እንደ ሆነ የግዕዝ መምህር ይጠይቁ፤ ወይም በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን፣ ወይም በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ስሙ አስቀድሞ በሰነድ በሌላ ፊደል ጸንቶ ከሆነ፣ ዕውቀት አገኘን ብለው በየወረቀቱ አይለዋውጡት። መለወጥ ካስፈለገ በሕግ መንገድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከመፈረማቸው በፊት ስሙን ፊደል በፊደል ያንብቡ፤ ጸሐፊው ቢቸኩል እነርሱ አይቸኩሉ።

ርስትና ገንዘብ ለልጅ የሚያወርስ ወላጅ ብዙ ይደክማል። ስሙን በትክክል ጽፎ ማውረስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በቀር ድካም የለውም።