ማሳከክ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም

የድሬዳዋ ሙቀት በበረታ ጊዜ ከከዚራ ዛፎች ጥላ እስከ መጋላ ገበያ ድረስ ላብ ያልበላው፣ ቆዳውን ያላከከ ሰው ጥቂት ነው። ማከክ ነውር አይደለም። የሚያሳዝነው አንዲት የቅባት ቱቦ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየዞረች ለሁሉ መድኃኒት ሆና መቆጠርዋ ነው። ይህ ጸሐፊ ራሱ ተማሪ ሳለ በክንዱ ላይ የወጣውን ጭርት በተዋሰው ቅባት ይቀባ ነበር። ማሳከኩ በሦስት ቀን በረደ፤ በወሩ ግን ጭርቱ እስከ ትከሻው ደርሶ ተገኘ። ቅባቱ ቤታሜታዞን ነበረና። ይህ መድኃኒት ለችፌ በሐኪም ትእዛዝ ሲሆን ይጠቅማል፤ የጭርትን ፈንገስ ግን መልኩን ይሸፍንለታል እንጂ አይገድለውም፤ የቆዳውንም መከላከያ አድክሞ ያስፋፋዋል።

እንግዲህ ቱቦውን ከመክፈት በፊት ቆዳውን መመልከት ይገባል። ጭርት እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ዳሩ ይፈረፈራል፣ መካከሉ ይጠራል። እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ቅባት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀቡታል። በሕፃናት ራስ ላይ ወጥቶ ጠጉር ሲያረግፍ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ያሻዋል። ቋቁቻ በደረትና በጀርባ ላይ የሚነጣ ወይም የሚጠቁር፣ ስስ ቅርፊት ያለው ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና ባለ ቋቁቻን መሸሽ ከንቱ ነው። የኬቶኮናዞል ሻምፑ ያድነዋል፤ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ግን ወራት ይፈጃል።

የእውነተኛው እከክ ነገር ሌላ ነው። የሚያመጣው ቆዳን ቆፍሮ እንቁላሉን የሚጥል ደቃቅ ተባይ ነው። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ይወጣል፤ ሌሊት ይብሳል። ፐርሜትሪን ከአንገት በታች መላ አካልን ተቀብቶ ማደር፣ ጠዋት መታጠብ፣ በሳምንቱም መድገም ነው፤ ለጨቅላና ለነፍሰ ጡር ሐኪም ይጠየቅ። የታመመው ብቻ ቢቀባ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የማያሳክከውም ጭምር ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም፤ ልብስና አንሶላው በሙቅ ውኃ ይታጠብ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ወረዳዎች እከክ እንደ ወረርሽኝ መዛመቱ ይታወሳል።

ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው የማያሳክከው ነው። የነጣ፣ ጥጥ ቢነካው የማይሰማው ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል በመጀመሪያ የተቋቋመው ለዚሁ ሕሙማን ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ የሚወሰደውም ከ6 እስከ 12 ወር ነው።