ናላ ከተናወጠ በኋላ

ዛሬ የማነሣው ሕመም ደም የማይፈስበት፣ ፋሻም የማይታሰርለት፣ ስለዚህም ብዙ ሰው የማያምነው ሕመም ነው። ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ ይሉታል፤ እኛ ግን በተለመደው አነጋገራችን «ናላው ዞረ» ብለን እናልፈዋለን።

እኛ የጉለሌ ሰዎች ከዚህ አደጋ ሩቅ አይደለንም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት በክረምት ያንሸራትታል፤ ልጆቻችንም ኳስ ሲሻሙ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። የወደቀው ሰው ልብሱን አራግፎ ከተነሣ «ተመስገን፣ ተረፍክ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይረሳል። ዳሩ ግን ጭንቅላት በድንገት ሲመታ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናወጣል፤ የነርቮቹም አሠራር ለጊዜው ይታወካል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። በሲቲ ስካን ቢመረመሩም ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይገኝም፤ የታወከው የአንጎሉ ሥራ እንጂ ቅርጹ አይደለምና።

ሐምሌ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ከአንድ የአርጀንቲና ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነሥቶም መጫወቱን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ዳኛውን «ይህ ጨዋታ የፍጻሜው ነውን?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛውም ነገሩ አሳስቦት ለቡድን ጓደኛው ለሽቫይንሽታይገር ነገረውና ክራመር በ31ኛው ደቂቃ ከሜዳ ወጣ። እንግዲህ በእግሩ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ከተጎጂዎች አብዛኞቹ አዋቂዎች በ2 ሳምንት፣ ልጆችም በ4 ሳምንት ያህል ይድናሉ። ከዚያ በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያዞራቸዋል፤ ብርሃንና ጫጫታ ይከብዳቸዋል፤ እንቅልፋቸው ይዛባል፤ ያነበቡት አልያዝ ይላቸዋል፤ በትንሽ በትልቁም ይቈጣሉ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በኅዳር ወር ከግብ ብረት ጋር ተጋጭቶ ነበር። በጥር ወርም ገና ደብተሩን ሲገልጥ ፊደሉ ይንቀሳቀስበት ነበር። በቤቱ «ሰነፍክ» ተባለ፤ በክፍልም «ያስመስላል» ተባለ። ልጁ ከራስ ምታቱ ይልቅ የጎዳው አለመታመኑ ነው። በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ወረቀት ሲያመጣ በግማሽ ቀን ጀመረ። ዛሬ ሙሉ ቀን ይማራል፤ ኳሱን ግን ገና አልነካም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአምስተርዳም የተሰበሰቡ የስፖርት ሕክምና ጠበብት ከስምምነት የደረሱበት ሐሳብ ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ረጋ ብሎ ማረፍና ስልክ ከማየት መቆጠብ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን በጨለማ ክፍል ለሳምንታት መተኛት አይጠቅምም፤ በእግር መንሸራሸርና ቀለል ያለ ሥራ ይሻላል። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ይለኩት፤ ሥራው ሕመሙን ከ2 ነጥብ በላይ ካልጨመረበትና ጭማሪው በ1 ሰዓት ውስጥ ካለፈ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ግን ለዕለቱ ማቆም ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ሕመም የተናገሩ ይመስላል። ትምህርት ይቀድማል፣ ኳስ ይከተላል፤ ሳይድኑ ሁለተኛ መመታት ብርቱ አደጋ አለውና።

በሰዓቱ መተኛት፣ ከመጠጥም መራቅ ይገባል። የራስ ምታት ኪኒንን በየዕለቱ መዋጥ ግን ራሱ ሌላ ራስ ምታት ይወልዳል። ሕመሙ ከ4 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የማዞሩና የአንገቱ ሕመም በልዩ እንቅስቃሴ የሚታከም ነውና። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣም ይውጣ፤ ሐኪሙን ግን አይተው። ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከው፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ወይም አልነቃ ካለ ግን ቀጠሮ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ቅዱስ ጳውሎስም ሆነ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ።

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከመስኮቱ ብርሃን ራቅ አድርገን እናስቀምጠው፤ 20 ደቂቃ ካነበበ ጥቂት ይረፍ፤ ፈተናውም ጊዜ ይጨመርለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ሲናገር የሚያምነው ሰው ያጣም ከመደበቅ በቀር ምን ምርጫ አለው? እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመን እንመነው።