ልጅ በዙር አይመረጥም!

ድራፍት ሲባል ጃምቦ የሚታያችሁ አንባብያን ለዛሬ ታገሱን። የዛሬው ድራፍት አይጠጣም፤ እንደሚጠጣው ሁሉ ግን ቤት ለመበጥበጥ አላነሰም። ደብዳቤው የደረሰን ከወደ አሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናቸው። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን አውጥተን፣ ረዘም ያለውን አሳጥረን እነሆ ብለናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። አገር ቤት እያለ የለየለት የጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ከልጆቹ ጋር ማየት ጀመረና በዚያው ቀረ። የዋሽንግተኑ ቡድን ከተሸነፈ እራት አይበላም። በ2024 ሚያዝያ ወር ቡድኑ አዲስ ተጫዋች የሚመርጥበት ምሽት ነው ብሎ ጓደኞቹን ቤት ጠራ። እኔም ክትፎዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ክርክሩ ገና እራት ሳይቀርብ ጦፈ። አንዱ ‹ዳንኤልስ ይመረጥ› ይላል። ሌላው ‹እሱማ ሰንበሌጥ ነው፣ አንዴ ቢገጩት ይሰበራል፤ ሜይ ይሻላል› ይላል። ሦስተኛው ‹ሁለቱንም ተዉአቸውና ተራውን ሸጣችሁ ከፊት የሚከላከሉ ጎረምሶች አምጡበት› እያለ ይጮሃል። ባለቤቴ የሜይ ወገን ነበር።

ትንሹ ልጄ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ዝምተኛ ነው። ያን ቀን ግን ስለ ዳንኤልስ ቁጥር እየጠራ መናገር ጀመረ፣ ሰዉም ጸጥ ብሎ ሰማው። ይሄኔ አባቱ ‹አንተ ደሞ ምን ታውቃለህ? የዚህ ቤት አንደኛ ዙር ወንድምህ ነው። አንተን በሰባተኛውም ዙር የሚወስድህ የለም› አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም አብሮ የሳቀ መሰለና ተነስቶ ክፍሉ ገባ።

ትልቁ ልጄ በስኮላርሺፕ ምሕንድስና ይማራል። ትንሹ ሃይስኩል ሲጨርስ ኮሌጅ አልገባም ብሎ የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማረ ይሠራል፤ ቤትም ተከራይቶ ወጥቷል። ለኔ ይደውላል። ከአባቱ ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል የላቸውም። አባቱ ‹ጨዋታ እኮ ነው፣ ይሄን ያህል ምን ያኮርፈዋል?› ይላል። እኔ በመሀል አለቅሁ። ምን ላድርግ?»

ውድ እህታችን፣ መልሱን ከማምጣታችን በፊት አገር ቤት ላሉት አንባብያን ነገሩን እንግለጸው። ያለዚያ የተባለው ስድብ ምን ያህል እንደሚወጋ አይገባቸውም።

እዚህ ጊዮርጊስም ሆነ ቡና ተጫዋች የሚያመጣው ተደራድሮ፣ ገንዘብ ከፍሎ ነው። አሜሪካኖቹ ግን ከ1936 ጀምሮ ሌላ ዘዴ አላቸው። በዩኒቨርሲቲ የሚጫወቱት ወጣቶች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይቀርባሉ፣ 32ቱ ቡድኖች ተራ በተራ ይመርጧቸዋል። በውድድሩ ከሁሉ የባሰው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ። ይህ ሰባት ጊዜ ይዞራል። ልጁ «እዚያ ነው የምሄደው» የማለት መብት የለውም፤ የመረጠው ቡድን የሱ ጌታ ነው። ከሰባቱ ዙር በአንዱም ስሙ ያልተጠራ ሰው አለ፤ እሱ ደጅ ጠንቶ መግባት ነው ያለው። እንግዲህ «በሰባተኛውም ዙር የሚወስድህ የለም» ማለት ባማርኛ «ለማንም የማትረባ ነህ» ማለት ነው።

ደጋፊው ለምን እንዲህ ይጦፋል? ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈ ሰው ያለው ተስፋ ያች አንዲት ተራ ናት። ዋሽንግተን በ2023ቱ ውድድር ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ ነበር ያሸነፈው። ስለዚህ 2ኛ ተራ ደረሰው። ቺካጎ በመጀመሪያው ተራ ኬሌብ ዊልያምስን ወሰደ። ቀጥሎ ዋሽንግተን ጄይደን ዳንኤልስን መረጠ። ድሬክ ሜይ 3ኛ ሆኖ ለኒው ኢንግላንድ ደረሰ። የትንሹ ልጅዎ ቁጥርም ከሜዳ አልወጣም። ዳንኤልስ በ2023 በዩኒቨርሲቲ 40 የታችዳውን ኳስ አቀብሎ 4 ብቻ ነው ያስነጠቀው፤ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የሄይስማን ዋንጫን ወስዷል። በመጀመሪያው ዓመቱ ቡድኑ 12 ጨዋታ አሸንፎ፣ ለሱፐር ቦል አንድ ጨዋታ ሲቀረው በፊላደልፊያ ተሸነፈ። እሱም የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ።

እዚህ ላይ «ልጁ ልክ ነበር» ብለን ብናቆም ለእናት ደስ ይላል። ነገር ግን በ2025ቱ ውድድር ዳንኤልስ በጉዳት ብዙ ጨዋታ አመለጠው። «ሰንበሌጥ ነው» ያሉት እንግዳ ይሄኔ ቀና ብለው ይሆናል። የድራፍት ፍርድ በአንድ ዓመት አይሰጥም። ይህን ቁም ነገር ባለቤትዎ ከማንም የበለጠ ሊያውቁት ይገባል፤ ምክንያቱም የገዛ ቡድናቸው ታሪክ ነው።

በ2012 ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈን የተባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ለሴንት ሉዊስ አሳልፎ ሰጠ። ግሪፈን 2ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከተማውን አስጨፈረ። በጥር 2013 ከሲያትል ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ በ2016 ተሰናበተ። ያው ቡድን በዚያው በ2012 ድራፍት፣ በአራተኛ ዙር፣ በ102ኛ ተራ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ነበር። ብዙ ደጋፊ «ይሄ ደሞ ለምን አስፈለገ?» ብሎ አጉረመረመ። በ2015 ግን ቦታውን የያዘው ከዝንስ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ወደ አንድ ቤት የገቡ ናቸው። አንዱ በጭብጨባ፣ አንዱ በማጉረምረም።

ሌላም ልጨምር። ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጦ 7 ሱፐር ቦል አሸነፈ። ከርት ዋርነር በ1994 ማንም አልመረጠውም፤ አዮዋ ውስጥ በአንድ መደብር ሌሊት ሌሊት ዕቃ መደርደሪያ ላይ እየደረደረ ኖሮ በጥር 2000 ሱፐር ቦል አሸነፈ፣ ኮከብም ተባለ። በተቃራኒው በ1998 ደጋፊ ሁሉ «ማኒንግ ወይስ ሊፍ?» እያለ ሲከራከር ከረመ። ማኒንግ 1ኛ ሆኖ ከታላላቆቹ አንዱ ወጣው። 2ኛ የተመረጠው ራያን ሊፍ ከ2001 በኋላ አልተጫወተም። በ1936 በድራፍት ታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገርማ አንድም ቀን በፕሮፌሽናል ሜዳ አልተሰለፈም!

ይህን ስንል አንደኛ ዙር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል፤ ዳኞቹም የሚያዩትን ያውቃሉ። ግን የሚያዩት ያለፈውን ነው። የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ ገና ምን ያለፈ አለው?

እዚህ ላይ ስለ አባትየው አንድ ነገር እንናገርላቸው። ክፉ ሰው አይመስሉንም። እኛ ያደግነው ካርድ ሲሰጥ «ስንተኛ ወጣህ?» እየተባልን ነው። አንደኛ የወጣው ይሸለማል፣ ሠላሳኛ የወጣው ይገረፋል። ያ ልማድ አብሮን አውሮፕላን ተሳፍሯል። አሜሪካ ሲደርስ ስሙ ብቻ ተለወጠና «አንደኛ ዙር» ሆነ። ቢሆንም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «ጨዋታ ነው» የሚለው ቃል የሚያጽናናው ተናጋሪውን እንጂ ሰሚውን አይደለም።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ ስድቡ የተሰነዘረው ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን። ባለቤትዎ እነዚያኑ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው፣ ልጁን ጋብዘው «ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም» ይበሉ። አጭር ይሁን። «ግን አንተም…» የሚል ጭራ አይቀጠልበት። የሚከብዳቸው ከሆነ ከጓደኞቻቸው ረጋ ያለው ወይም የነፍስ አባታቸው ያግዟቸው።

ሁለተኛ፣ እርስዎ መልእክተኛ መሆኑን ይተዉ። «አባትህ እኮ ይወድሃል» የሚለውን ከእርስዎ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። እስኪ አንድ ጊዜ ከባለቤቱ አፍ ይስማው።

ሦስተኛ፣ አባት ስለ ልጃቸው ሥራ ይጠይቁ። ኮሌጅ ለምን አልገባህም ለማለት ሳይሆን፣ ዛሬ ምን ሠራህ፣ ምን አስቸገረህ ለማለት። የኤሌክትሪክ ሥራ የተከበረ እንጀራ ነው። ሰው ቤት ገብቶ መብራት የሚያበራ ልጅ አልተመረጠም አይባልም።

አራተኛ፣ ትልቁን ልጅ አይርሱት። አንደኛ ዙር መባልም ሸክም ነው። ነገ አንድ ፈተና ቢወድቅ ወደየት ይሸሻል? ግሪፈን ጉልበቱ ታሞ እንኳ ሜዳ አልወጣም ሲል እንደነበር አስታውሱ። ወንድማማቾቹም በአባታቸው ቃል እንዳይቀያየሙ ለብቻቸው የሚገናኙበትን ቀን ያመቻቹላቸው።

ለሌሎቻችሁ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲደርስ ቤታችሁን ለምትሞሉ ደጋፊዎችም አንድ ቃል አለን። ተከራከሩ፣ ጩኹ፣ ክትፎውን ብሉ። ነገር ግን ውርርዱን በገንዘብ አታድርጉት። እያንዳንዱ ሰው የመረጠውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ፖስታ ውስጥ ይክተት፣ ፖስታው ከሦስት ዓመት በኋላ ይከፈት። ያኔ ብዙው ሰው በራሱ ላይ ይስቃል፤ በራስ መሳቅ ደግሞ ማንንም አያስቀይምም። ከሁሉ በላይ በክርክሩ መሀል የቤተሰብ ስም በምሳሌነት አይጠራ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እህታችን፣ የደረሰበትን ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ሌሎቻችሁም ጻፉልን፤ ስማችሁ እንደ ወትሮው በኛ ዘንድ ይቀራል። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።