የአረፋ ሂሳብ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ፉትስክሬይ ያለችው ቤታችን ጢም ብላ ሞልታ ሳለ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ደንበኛ ብርጭቋቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ያዘዝኩህ ቢራ ነው ወይስ አረፋ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም «ጋሼ፣ ድራፍት ያለ አረፋ ምን ጣዕም አለው!» ብዬ በቀልድ አለፍኳቸው። አዲስ አበባ እያለሁ ጃምቦ ሲመጣልኝ አረፋውን በጣቴ እየለካሁ ከአስተናጋጅ ጋር የምነታረከው እኔ ነበርኩ። አሁን ቀጂው እኔ ስሆን ረሳሁት መሰለኝ።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እሁድ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት፣ ስድስተኛ ክፍል የሆነችው ልጄ የኬክ መሥሪያ መለኪያዋን ይዛ መጣች። ስኩነር እያልን የምንሸጥበትን ብርጭቆ እስከ አፉ ውሃ ሞልታ ገለበጠችው። 400 ሚሊ ሊትር! ስኩነር ደግሞ 425 ነው። «አባዬ፣ አረፋ ባይኖረውም እኮ አይደርስም» አለችኝ። ለካስ በርካሽ አገኘሁ ብዬ የተደሰትኩባቸው ብርጭቆዎች ናቸው ጉደኞቹ።

እስቲ ልጆች፣ ይቺን አስሉልኝ፦ በየብርጭቆው 25 ሚሊ ሊትር ከጎደለ፣ ስንት ብርጭቆ ስሸጥ አንድ ሙሉ ስኩነር በላሁ ማለት ነው? 17። በአንድ ቅዳሜ ማታ ስንት 17 እንደሚቀዳ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።

እዚህ አገር ቢራ በግምት አይሸጥም፤ ሕጉ በልኬት ነው የሚለው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚዛንና መለኪያን በመላው አገሪቱ የሚቆጣጠረው ናሽናል ሜዠርመንት ኢንስቲትዩት ነው። የሥጋ ቤቱን ሚዛንም፣ የቤንዚን ማደያውንም የሚያየው እሱ ነው። ሜልበርን ውስጥ ፖት 285፣ ስኩነር 425፣ ፓይንት 570 ሚሊ ሊትር ነው። አዴሌድ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ግን እንዳትደነግጡ፦ እዚያ ፓይንት ብላችሁ ብታዝዙ የሚመጣላችሁ 425 ነው፤ ስኩነር ካላችሁማ የእኛው ፖት ነው። ማንም አላታለላችሁም፣ ስሙ ነው የተለያየው።

አሮጌዎቹን ብርጭቆዎች ለውሃ አደረግኳቸው። አዲሶቹ ከአፋቸው ዝቅ ብሎ የ425 መስመር አላቸው፤ ቢራው መስመሩ ላይ ይደርሳል፣ አረፋው ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ጎደለ የሚል ሰው መስመሩን አይቶ «ሙላልኝ» ይበል፤ ነውር የለውም።

ጋሼም ተመልሰው መጡ። የሆነውን ነግሬያቸው በአዲሱ ቀዳሁላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው መስመሩን አዩና «የእስከ ዛሬውስ?» አሉኝ። የዚያን ማታ ሂሳባቸውን አልተቀበልኩም።