በራዲዮ የሚሰማ ዘፈን ስለ ምን ትንፋሽ ያጥረዋል

በዕድሜ የገፉ አክስታችን ባለፈው እሑድ ከቡና በኋላ ራዲዮ ሲያዳምጡ፥ በወጣትነታቸው ከሸክላ የለመዱት አንድ ዘፈን ተላለፈ። ጥቂት ከሰሙ በኋላ «ዘፋኙስ እርሱ ነው፤ ነገር ግን ማን አሳደደው? ዕረፍት የለውም» አሉን። እኛም ነገሩን በሣቅ ልናልፈው ነበር፤ ዳሩ ግን ብንመረምረው የአክስታችን ጆሮ እንዳልተሳሳተ ተረዳን።

ዘፈን ከማሠራጫው ጣቢያ ከመውጣቱ አስቀድሞ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ይኸውም መሣሪያ ዝግ ብሎ የተዘፈነውን ከፍ፥ ጮኾ የተዘፈነውን ዝቅ እያደረገ ሁሉን ወደ አንድ ልክ ያቀራርበዋል። ከእነዚህም መሣሪያዎች ስሙ የታወቀው፥ አሜሪካዊው ሮበርት ኦርባን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ኦፕቲሞድ የሚባለው ነው። ሥራው በራሱ ነቀፌታ የለበትም። ለኤፍ ኤም ሞገድ ከተወሰነለት ስፋት ማለፍ ክልክል ነውና ልክ የሚጠብቅለት ያስፈልገዋል፤ ደግሞም በመኪና የሚሄድ ሰው በሞተሩ ጩኸት መካከል ዝግ ያለውን ድምፅ ሊሰማ አይችልም።

ጕዳቱ የመጣው ከፉክክር ነው። አድማጭ የራዲዮውን ቍልፍ ሲያዞር ጐልቶ የሚሰማው ጣቢያ አስቀድሞ ጆሮውን ይይዘዋልና፥ መሣሪያውን ከሚገባው በላይ ያጠብቁት ጀመር። ሲዲ የሚያወጡትም ሰዎች፥ ይልቁንም ከ1990ዎቹ ወዲህ፥ በዚሁ ፉክክር ገብተው ዘፈኑን ገና ከስቱዲዮው ጨምቀው ይልኩታል። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ሎሚ ዳግመኛ ቢጨመቅ የሚወጣው የልጣጩ ምሬት ነው። የከበሮው ምት ይደነዝዛል፥ የዘፋኙም ድምፅ ይሻክራል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዘፈኑ ቦታ እንዳይፈጅ በኤም ፒ ስሪ ሲቀመጥ ነው። ይህ አሠራር ጆሮ አይለየውም ተብሎ የታሰበውን እየጣለ ያሳንሳል፤ ጕድለቱም ከጐላው ድምፅ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። የጣቢያው መሣሪያ ግን ደካማውን ሁሉ ከፍ ስለሚያደርግ የተሸሸገውን አብሮ ያወጣዋል፤ የጸናጽሉም ድምፅ እንደሚፈላ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ለማሠራጫ የሚሆን ዘፈን ምንም ሳይጣልበት ሊቀመጥ ይገባዋል እንላለን። የማስቀመጫው ዋጋ ዛሬ ምክንያት የሚሆን አይደለም።

የኤውሮጳ ማሠራጫ ጣቢያዎች ኅብረት በ2010 ዓ.ም. (እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር) የድምፅ ልክ በጩኸቱ ጫፍ ሳይሆን ለጆሮ በሚሰማው መካከለኛ ጕልላት እንዲለካ የሚመክር ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ጮኾ የተሠራው ዝቅ ተደርጎ ስለሚተላለፍ መጨመቁ ትርፍ የለውም። በቴሌቪዥን በብዙ ስፍራ ተሠርቶበታል፤ በኤፍ ኤም ግን ፉክክሩ ገና አልበረደም።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ ይህን በቤት ሆኖ ማቃናት አይቻልም፤ ከጣቢያው ሳይጨመቅ ያልወጣውን ድምፅ የራዲዮው ቍልፍ አይመልሰውም። እኛ ስለ አክስታችን ስንል ከሣጥን ተቀምጦ የነበረውን ሸክላ አወጣን። መርፌው ይንጫጫል፥ አቧራውም ይሰማል፤ ነገር ግን ዘፋኙ ትንፋሽ የሚስብበት ስፍራ ነበረ። አክስታችንም እዚያ ሲደርስ «አሁን እርሱ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ሁለተኛውን ገጽ እንድንገለብጥላቸው አዘዙን።