የመገናኛ መሣሪያና የነጋዴው ትምህርት

ራዲዮ፥ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ የሰውን የመማር መንገድ ለውጠዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ለትምህርት ቤት ሰዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን የንግዱ ማኅበር ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም፤ በአጅባር፥ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ያለው ባለሱቅ ዛሬ የገበያ ወሬ የሚሰማው፥ ገንዘብ የሚቀበለውና የሚልከው በስልኩ ነውና። ስለዚህ መሣሪያው ምን ማስተማር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለይቶ ማወቅ ትርፍና ኪሣራ ያለበት ጉዳይ ነው።

ወሎ ለትምህርት አዲስ አገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር፥ ደረሳውም ከሼኹ ዘንድ ተቀምጦ ሲማር ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። ተማሪው የተቀበለውን ያሰማል፤ መምህሩ አድምጦ የተሳተውን ያቀናል፤ ያልጸናው ሳይጸናም ወደሚቀጥለው አያሳልፈውም። በዚህ ሥርዓት ጠያቂና መላሽ አይለያዩም።

አዲሱ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ነገር ተዘነጋ። በ1997 ዓ.ም. ተማሪዎች «ፕላዝማ» ብለው የሚጠሩት፥ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ በገጠር ከተማ ያለው ተማሪ በአዲስ አበባ ካለው ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ከክፍለ ጊዜውም አብዛኛውን ስለ ወሰደው ለመምህሩ የተረፈው መግቢያውና መዝጊያው ብቻ ሆነ። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ በመስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ አይሰማውም፤ ቆሞም አይጠብቀውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርቱ ወደ ራዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ደግሞ፥ መሣሪያው በቤቱ የሌለው የገጠር ልጅ ጨርሶ ከትምህርት ተለየ።

በሌላ ወገን መሣሪያው ለሚጠይቀው ሰው መልስ እንዲሰጥ ሆኖ ሲሠራ ፍሬው የተለየ ነው። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬው በፈቀደው ሰዓት ደውሎ ስለ ሰብሉ የፈለገውን ምክር መርጦ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ አስችሎታል። ከዚያም በፊት በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በሰሌዳና በስልክ ሲያሳውቅ፥ ቡናና ሰሊጥ አቅራቢው ዋጋን ከገዢው አፍ ብቻ ከመስማት ዳነ። ዋጋውን የሰማ ሰው ወዲያው ገበያ ወጥቶ ይፈትነዋል፤ ትምህርት የሚጸናውም በሥራ ሲፈተን ነው።

ወጣቱ ሁሉን ነገር ከስልኩ ስለሚማር ከእንግዲህ አስተማሪ አያሻውም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ማየትና መቻል አንድ አይደሉም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማስታወቂያው በየቦታው ተሰምቷል፤ ሆኖም ብዙው ሰው አጠቃቀሙን የለመደው ወኪሉ ወይም የጎረቤት ልጅ አጠገቡ ቆሞ ሲያሳየው ነው። የሐሰት የክፍያ መልእክት አይቶ ዕቃውን የሚያስረክብ የሱቅ ሠራተኛ ስልክ መነካካት አላቃተውም፤ የጎደለው፥ ዕቃው ከመውጣቱ አስቀድሞ ገንዘቡ መግባቱን ከራሱ ሒሳብ ከፍቶ እንዲያይ የሚያስለምደው ሰው ነው። የመዝገብ አያያዝም እንዲሁ ነው፤ ስሕተቱን የሚያርምለት የሌለው ሰው ስሕተቱን አጥብቆ ይማራል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የሚፈጽመው ድርሻ አለው። አስመጪው ወፍጮ ወይም የውሃ መሳቢያ ሲያስመጣ መመሪያውን በአማርኛ አስጽፎ፥ ሲደወልም ሰው የሚመልስበትን ስልክ ከዕቃው ጋር ይስጥ፤ አንዱ ብልት በተበላሸ ቁጥር ደሴ ድረስ መመላለስ ለገዢውም ለሻጩም ኪሣራ ነው። ላኪው የዕለቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው አገር የሚፈልገውን ጥራትና ንጽሕና፥ ዕቃው የተመለሰበትንም ምክንያት ለአቅራቢው ያስረዳ። ባለሱቁ ለሠራተኛው ስልክ ሲሰጥ በሳምንት አንድ ሰዓት አብሮት ተቀምጦ ሒሳቡን ይመርምር። የንግድ ምክር ቤቶችም ለአባሎቻቸው በራዲዮ ወይም በስልክ ትምህርት ሲያዘጋጁ፥ የጊዜውን እኩሌታ ለጥያቄ ቢመድቡ በ1997 ዓ.ም. የታየው ጉድለት አይደገምም።

መሣሪያ ሩቁን ያቀርባል፤ የዘገየውን ያፋጥናል፤ ይህም ታላቅ ረድኤት ነው። የተሳተውን የማቅናት ሥራ ግን ዛሬም የሰው ነው፤ ለመሣሪያው ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ለዚህም ጊዜ ሊያወጣ ይገባዋል።